ስለ መጠጥ ውኃ ግድብ አጠባበቅና በዳርቻው ስለሚደረግ መዝናናት

የከተማ ሰው በማለዳ ተነሥቶ ቧንቧውን በከፈተ ጊዜ፣ ውኃው ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ ከቤቱ እንደ ደረሰ የሚያስብ ጥቂት ነው። ውኃ የተቋረጠ ዕለት ግን ሁሉም ያስባል። እንስራና ጀሪካን ተይዞ ሰልፍ ሲቆም፣ የገላና የልብስ ንጽሕና ሲጓደል፣ ተቅማጥም በልጆች ላይ ሲበረታ፣ የውኃ ጥቅም ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። አባቶች «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ያሉት በከንቱ አይደለም። የጤና ጥበቃ ሥራ ከሐኪም ቤት በፊት፣ ውኃው ከሚጠራቀምበት ስፍራ ይጀምራል።

አዲስ አበባ ከከርሠ ምድር ከምትቀዳው ውኃ ሌላ፣ በሦስት ግድቦች የተጠራቀመ ውኃ ትጠጣለች። እነዚህም በአምቦ መንገድ ያለው የገፈርሳ ግድብ፣ በደሴ መንገድ በኩል ያለው የለገዳዲ ግድብ፣ እንዲሁም የድሬ ግድብ ናቸው። ገፈርሳ ከሦስቱ ቀዳሚው ነው። ለገዳዲ በ1970፣ ድሬ ደግሞ በ1999 ተጨመሩ፤ የድሬም ውኃ የሚጣራው በለገዳዲ ማጣሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ስፍራዎች ለዓይን ያማሩ ናቸው። ነፋሻ አየር፣ ለምለም ሣር፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ዝይና ዳክዬዎች ያሉበትን መስክ አይቶ ምሳውን ይዞ ሊወጣ የሚወድ ቤተ ሰብ አይነቀፍም፤ ንጹሕ አየርና ዕረፍት ራሳቸው ለጤና መድኃኒት ናቸውና። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ውኃ ሐይቅ ቢመስልም ሐይቅ አይደለም። ሐይቅን ያበጀች ተፈጥሮ ናት፤ ይህንን ግን ያቆመው የሰው እጅ ነው፤ ጸንቶ የሚኖረውም በሰው ጥበቃ ነው፤ ነገም ከማጀታችን ይገባል። ስለዚህ በዳርቻው የሚውል ሰው ሁሉ ሁለት አደራ አለበት፤ አንደኛው ግድቡ እንዳይጎዳ፣ ሁለተኛው ውኃው እንዳይቆሽሽ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአብዛኛው የሚጠፉት በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ይኸውም ለጊዜው ምቾት ሲባል ቸል በሚባል ትንሽ ነገር መሆኑን ቀጥሎ እንመለከታለን።

ግድብ እንዴት ጸንቶ እንደሚቆም

የግድብ ዋና ጠላቱ ራሱ የያዘው ውኃ ነው። ውኃ በጥልቀቱ መጠን ይከብዳል። ከውኃው ገጽ 10 ሜትር ዝቅ ባለ ስፍራ፣ የግድቡ ፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የ10 ቶን ያህል ግፊት ይሸከማል፤ ይህንንም ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት፣ ያለ ዕረፍት ይሸከመዋል።

ስለዚህ መሐንዲሶች ለግድቡ ልዩ ልዩ መውጫዎች ያበጁለታል። አንደኛው ውኃው ወደ ማጣሪያው የሚሄድበት ነው። ሁለተኛው በግርጌው በኩል ያለው ነው፤ አደጋ በታየ ጊዜ ውኃውን ዝቅ ለማድረግ ይከፈታል። ሦስተኛው ማስተንፈሻው ነው። ክረምት በበረታ ጊዜ ትርፉ ውኃ በዚህ በኩል በሥርዓት ይወርዳል። ማስተንፈሻው ከተዘጋ ወይም ከጠበበ ውኃው በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል። ግድቡ የአፈር ሲሆን ደግሞ፣ በአናቱ የሚያልፈው ውኃ አፈሩን እየሸረሸረ ወዲያው ይንደዋል።

ሌላው አደጋ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ነው። ከአፈር ግድብ ሥር ጥቂት ውኃ ማዠቱ የተለመደ ሲሆን፣ ጠባቂዎችም መጠኑን እየለኩ ይመዘግባሉ። ነገር ግን የሚያዠው ውኃ የጠራ መሆኑ ቀርቶ ከደፈረሰ፣ የግድቡን አፈር ከውስጡ እየጠረገ በማውጣት ላይ መሆኑን ያስታውቃል። አውሬ የቆፈረው ጉድጓድ፣ ሥሩን የሰደደ ዛፍ፣ የከብት ኮቴ ያፈረሰው ሣር ለዚህ በር ይከፍታሉ። የውኃ ጠብታ ድንጋይ ይበሳል እንደሚባለው ነው።

የጆንስታውን ጥፋት

ለምቾት ተብሎ የሚደረግ ትንሽ ነገር የሚያስከትለውን ጥፋት ለመረዳት፣ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል።

የሳውዝ ፎርክ ግድብ ከጆንስታውን ከተማ በላይ፣ በሸለቆው 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተሠራ የአፈር ግድብ ነበር። ቁመቱ 22 ሜትር፣ ርዝመቱም ከ280 ሜትር በላይ ነበር። መጀመሪያ መንግሥት ያሠራው የጀልባ መሄጃ ለሆነው ቦይ ውኃ እንዲያቀብል ነበር። በኋላ የምድር ባቡር መጥቶ ቦዩ ከሥራ ውጭ በሆነ ጊዜ ግድቡ ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅም ሲተላለፍ፣ ከባለቤቶቹ አንዱ በግርጌው የነበሩትን የብረት ቧንቧዎች አውጥቶ ሸጣቸው። ከዚያ ወዲያ ውኃውን ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል መንገድ አልነበረም።

በ1879 ስፍራው ዓሣ ለማጥመድና ለመዝናናት በተቋቋመ ማኅበር እጅ ገባ። የማኅበሩ አባሎች የፒትስበርግ ባለ ጸጎች ነበሩ፤ ስመ ጥሩዎቹ አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ፍሪክም ይገኙባቸዋል። ማኅበሩ ቤቶች ሠራ፣ ጀልባዎች አመጣ፣ ውኃውንም በዓሣ ሞላ። ሠረገላ በግድቡ አናት ላይ እንደ ልብ እንዲያልፍ አናቱ ተደልድሎ ዝቅ ተደረገ። ዓሣው እንዳያመልጥም በማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት ተጋረደ። የወጡት ቧንቧዎች ግን አልተተኩም። እያንዳንዱ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ቀላል ይመስል ነበር። መንገዱ ሰፋ፣ ዓሣው ተጠበቀ፣ ገንዘብም ተቆጠበ።

ከታች ያሉት ሰዎች ሁሉ ዝም አላሉም። በ1880 በጆንስታውን የነበረው የብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ልኮ ግድቡን አስመረመረ። መሐንዲሱም ውኃ ማስወጫ ቧንቧ አለመኖሩንና ጥገናው እንደሚገባ አለመደረጉን ገልጦ ጻፈ። የማኅበሩ መሪ ግን ሥጋት እንደሌለ መለሰ። ነገሩም በዚሁ ቀረ።

በ1889 በግንቦት ወር መጨረሻ በዚያ አገር ታላቅ ዝናብ ወረደ። በነጋታው፣ በ31ኛው ቀን፣ ውኃው ወደ ግድቡ አናት ደረሰ። ጎርፉ ያመጣው ቅጠልና እንጨት በዓሣው ወንፊት ላይ ተከምሮ ማስተንፈሻውን ዘጋው። ሠራተኞች አናቱን በአፈር ከፍ ለማድረግ፣ አዲስም ቦይ ለመቆፈር ደከሙ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ጆን ፓርክ የተባለ ወጣት መሐንዲስ በፈረስ ገስግሶ የቴሌግራም ማስጠንቀቂያ እንዲላክ አደረገ። ዳሩ ግን የከተማው ሰው «ግድቡ ሊፈርስ ነው» የሚለውን ወሬ በየዓመቱ ሰምቶ ሳይፈርስ ስለ ቀረ፣ የሚያምን አልተገኘም። ከቀትር በኋላ ከ9 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ግድቡ ተናደ። ከ14 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ሸለቆውን እየጠረገ ወረደ፤ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜም ጆንስታውን ደረሰ። 2,209 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም መካከል አንድ ሰው እንኳ ሳይተርፍ ያለቁ 99 ቤተ ሰቦች ነበሩ። ከጎርፉም በኋላ ውኃውና አፈሩ ስለ ተበከለ የአንጀት ተስቦ ገባ።

ዝናቡ ብርቱ ነበር። ነገር ግን ዝናቡ የመጣበት ግድብ አናቱ ዝቅ ያለ፣ ማስተንፈሻው የታነቀ፣ የግርጌ መውጫው የተነቀለ መሆኑ መዘንጋት አይገባውም። ጥፋቱ የተዘጋጀው ባማረ ፀሐይ፣ በመዝናኛ ቀኖች ነው።

ምልክትን አለመናቅ

በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ አጠገብ የነበረው የዴል ዳይክ ግድብ ደግሞ በትክክል የመጠጥ ውኃ ግድብ ነበር። መጋቢት 1864 ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ሲሞላ፣ አንድ ሠራተኛ በአፈሩ ላይ ስንጥቅ አየ። ስንጥቁ መጀመሪያ ጠባብ ነበር። መሐንዲሱ ተጠርቶ መጥቶ ውኃውን ለመቀነስ ቢሞክርም፣ ግድቡ በዚያው ሌሊት ፈረሰ። ወደ 240 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ከተኙበት አልተነሡም።

ከዚሁ ጋር የሚያስደስተውንም መናገር ይገባል። በዚያው አገር በዌሊ ብሪጅ ከተማ በላይ ያለው የቶድብሩክ ግድብ፣ ለቦይ ውኃ ለማቀበል ከተሠራ ብዙ ዘመን ያስቈጠረና የመርከበኞች ማኅበር ይዝናናበት የነበረ ነው። በነሐሴ 1919 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2019፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ የማስተንፈሻው ኮንክሪት ተሰብሮ አፈሩ መሸርሸር ጀመረ። ነገሩ እንደ ታወቀ 1,500 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ፤ ወጡም። ብዙ የውኃ መሳቢያ መኪናዎች ውኃውን አወረዱት፤ ሄሊኮፕተርም በከረጢት የተሞላ ጠጠር እያመጣ በተሸረሸረው ስፍራ ላይ ጣለ። አንድም ሰው አልሞተም። ምልክቱ በጊዜ ታየ፣ ማስጠንቀቂያው ተነገረ፣ ሕዝቡም ታዘዘ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ቃል ፍሬው ይህ ነው።

ውኃው እንዴት እንደሚቆሽሽ

ግድቡ ቢጸና እንኳ የያዘው ውኃ ንጹሕ ካልሆነ ጥቅሙ ይጎድላል። በዓል ለማክበር ወደ ዳርቻው የወጣ ቤተ ሰብ ምን እንደሚተው እንመልከት። መጸዳጃ ቤት ባለመኖሩ ልጆች ከቁጥቋጦ ሥር ይጸዳዳሉ፤ የሕፃን መጥረጊያ ጨርቅ ይጣላል፤ መኪና በውኃው ጠርዝ ቆሞ ይታጠባል፤ የምግብ ትራፊና የፕላስቲክ ጠርሙስ በሣሩ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ ይህን ሁሉ ጠርጎ ከውኃው ይጨምረዋል። የአንጀት ተስቦ፣ የተቅማጥ፣ የአሜባና የጃርድያ በሽታዎች መንገዳቸው ይህ ነው፤ ከሰው ሆድ ወጥተው በውኃ አማካይነት ወደ ሌላ ሰው አፍ ይመለሳሉ።

አንዳንድ ሰው «ውኃው በማጣሪያ ያልፍ የለምን?» ይላል። እውነት ነው፣ ያልፋል። ውኃው ይረጋል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ ክሎሪንም ይጨመርበታል። ነገር ግን የማጣሪያው ኃይል ወሰን አለው። ውኃው በደፈረሰ ቁጥር ጭቃው ተሐዋስያንን ከክሎሪን ይሸሽጋቸዋል፤ ክሎሪኑንም ይጨርሰዋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ደግሞ ክሎሪንን የሚቋቋም ነው። በ1993 በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ፣ የአንዱ ማጣሪያ ውኃ በደፈረሰበት ሰሞን ይኸው ተሐዋሲ አልፎ፣ ወደ 403,000 የሚገመት ሰው በተቅማጥ ታመመ። ያች ከተማ ዘመናዊ ማጣሪያ ያላት ነበረች። ስለዚህ ማጣሪያው የመጨረሻው አጥር እንጂ ብቸኛው አጥር ሊሆን አይገባውም።

የውኃው መደፍረስ ከተነሣ፣ ከተራራው ስለሚወርደው አፈርም መናገር ያሻል። ከግድቡ በላይ ያለው መሬት ሲራቆት፣ ዳገቱም ያለ እርከን ሲታረስ፣ ክረምቱ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። የለገዳዲ ውኃ መደፍረሱ የማጣሪያውን ሥራ ያከብደዋል። ለጎንደር ከተማ የተሠራው የአንገረብ ግድብም ለውኃ የታሰበው ስፍራ በደለል እየተሞላ ብዙ ተቸግሯል። ደለል ሁለት ጉዳት አለው፤ ውኃውን ያቆሽሻል፣ ግድቡ የሚይዘውንም መጠን ይቀንሳል። ስለሆነም በተራራው ላይ ዛፍ የሚተክልና እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ ከታች ላለው የከተማ ሕፃን ጤና ጠባቂ ነው። በዳርቻው በማገዶ ፍለጋ ወይም ለመዝናኛ እሳት ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ግን ይህን ድካም ያፈርሳል።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

እስካሁን የተናገርነው ሰው ውኃውን ስለ መጉዳቱ ነው። ውኃው ደግሞ ሰውን ይጎዳል። በአገራችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። የተገደበ ውኃ ከወንዝ ይልቅ የረጋ ስለሚመስል ልጆችን ይደልላል። ነገር ግን ዳርቻው ረግራግ ጭቃ ነው፤ እግር ይይዛል። ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላም በድንገት ጥልቅ ይሆናል፤ በፊት ሸለቆ ነበርና። የግድቡ ፊት ቀጥ ያለና የሚያንሸራትት በመሆኑ የገባ ሰው ይዞ የሚወጣበት የለውም። በውኃ መግቢያው አጠገብ ከላይ የማይታይ ስበት አለ። እንደ ገፈርሳ ባለ ከፍተኛ ደጋ ደግሞ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ በሙቅ ፀሐይ ቆይቶ በድንገት የዘለለ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጡንቻውም ይከዳዋል። ዋና ማወቅ ብቻ ከዚህ አያድንም።

በሞቃታማውና በወይና ደጋው አገር ባሉ የረጉ ውኆች ደግሞ የቢልሃርዝያ ሥጋት አለ። በሽተኛው በውኃው አጠገብ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከውኃ ይገባል፤ በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥም ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ የሚታጠበውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በጣና ዳርቻና በዝዋይ ይህ በሽታ የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመልክተው፣ የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስታወቁት ይህን በሽታ ሲመረምሩ ነው። ዛሬ ለበሽታው የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ቢሆንም በውኃ ዳር አለመጸዳዳት ከመድኃኒቱ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።

መዝናናት እንዴት ይፈቀዳል?

ይህ ሁሉ ሲባል ሕዝብ ከውኃው ዳርቻ ፈጽሞ ይራቅ ማለት አይደለም። ሕዝብ የሚያውቀውንና የሚወደውን ነገር ይጠብቃል። የኒው ዮርክ ከተማ አብዛኛው ውኃዋ በአሸዋ ሳይጣራ የሚጠጣ ስለሆነ ጥበቃዋ የበረታ ነው። ሆኖም የፈቃድ ወረቀት የያዘ ሰው በግድቦቿ ውኃ ዓሣ እንዲያጠምድ ትፈቅዳለች። የሚቀዘፈው ጀልባ ከሌላ ውኃ ባዕድ ነገር እንዳያመጣ አስቀድሞ በእንፋሎት ይታጠባል። መዋኘት ግን ክልክል ነው። ከዚህ የምንማረው ስፍራው ተለይቶ፣ መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ፣ ጠባቂ ቆሞ፣ ደንቡም ታውቆ ሲሆን መዝናናትና የመጠጥ ውኃ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው።

ልንጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች

1ኛ፤ መግባት በተፈቀደበት ስፍራ ብቻ እንዋል። አጥር ማለፍ፣ የጥበቃ ሠራተኛን ትእዛዝ መናቅ አይገባም።

2ኛ፤ በመጠጥ ውኃ ግድብ ውስጥ አንዋኝ፣ ገላና ልብስ አንጠብ፣ መኪናም ወደ ጠርዙ አናቅርብ።

3ኛ፤ ከቤት ስንወጣ መጸዳጃ ቤት ያለበትን ስፍራ አስቀድመን እንወቅ። ከሌለም ከውኃውና ወደ ውኃው ከሚወርደው ቦይ እጅግ ርቀን፣ ጉድጓድ ቆፍረን በአፈር እንሸፍን። እጃችንንም በሳሙና እንታጠብ።

4ኛ፤ ይዘን የመጣነውን ጠርሙስ፣ ከረጢትና ትራፊ ይዘን እንመለስ።

5ኛ፤ ከብት በግድቡ አፈር ላይ አናሰማራ፤ ከሣሩና ከድንጋዩም አናንሣ። ድንጋዩ የተደረደረው ማዕበሉን እንዲመክት ነው።

6ኛ፤ በማስተንፈሻው ላይ ምንም ነገር አንጣል፣ አንሥራ፣ አናጥምድም። የጆንስታውንን ወንፊት እናስታውስ።

7ኛ፤ ልጆችን ከዓይናችን አናርቅ። ሰው በውኃ ሲወሰድ ብናይ ዘለን ከመግባት ይልቅ ገመድ፣ ነጠላ ወይም ረጅም እንጨት እንወርውርለት፤ ወዲያውም ሰው እንጥራ።

8ኛ፤ በግድቡ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ የሰመጠ አፈር ወይም ደፍርሶ የሚፈልቅ ውኃ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ለጠባቂው ያስታውቅ። ነገሩ ቀላል ሆኖ ቢገኝ የሚያፍርበት የለም።

9ኛ፤ ከግድብ በታች የምንኖር ማስጠንቀቂያ በተነገረ ጊዜ ዕቃ ለመሰብሰብ አንዘግይ። ሸለቆውን ተከትለን ወደ ታች ከመሮጥ ይልቅ በቅርብ ወዳለው ከፍታ ወደ ጎን እንውጣ።

ከእነዚህ ነገሮች አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግድብን ለማቆም ግን የብዙ ሰው ድካምና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። የእናቶችና የአባቶች፣ የመምህራንና የዕድር ዳኞች ድርሻ፣ ይህን ደንብ ለልጆችና ለጎረቤት ማስረዳት ነው። በሚመጣው በዓል ወደ ውኃው ዳርቻ የሚወጣ ቤተ ሰብ በመስኩ ይደሰት፣ ወፎቹን ይመልከት፣ ሲመለስም የሄደበት ዱካ በሣሩ ላይ እንዳይታይ አድርጎ ይመለስ። በማግሥቱ ከቧንቧ የሚቀዳው ያንኑ ውኃ ነውና።